መላጊያ

ከሂርማታ ገበያ ቁልቁል ወደ አዌቱ ሲኬድ፣
ሁለት የእንጨት ቤት አለ፣ መሐላቸው አንድ መንገድ፤
በግራ የኛ መጋዝ፣ በቀኝ የናንተ ይጮኻል፣
ጠቡን የማያውቅ እንግዳ የሚያወጉ ይመስለዋል።

ስምንት ዓመት ነው፣ ነዚፍ፤
ጥላህን ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ይዤ ሳልፍ፣
የጅማ ዶፍ ሲያራውጠን፣ አገር ሁሉ ሲጠለል፣
በናንተ ቆርቆሮ ጥግ አልቆምም፣ ልበስብስ ስል።

አባቴ ይል ነበር፣ ዋንዛውን በጣቱ እየመታ፦
«እሳት እግር የለውም፤ ሰው ነው የሚያመጣው ማታ።»
ያ የሦስት ዓመት ክምር፣ በረድፍ የተደረደረ፣
የሙሽሮች አልጋ ጭምር በአንድ ሌሊት አረረ።
ጎህ ሲቀድ ከመንገድ ማዶ ክንድህን አየነው፣
ከአንጓ እስከ ክርን ተልጦ፣ እናትህ በጨርቅ ስትጠቀልለው።
ምስክር ማን ይፈልጋል፣ እጅ ራሱ ከመሰከረ?
ከአባ ቢያ ቤት ጋር ሰላምታችን በዚያው ቀረ።
እኔም ማልኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤
መሐላ እንደ ቫርኒሽ ነው፣ ቶሎ ደርቆ የሚያምር።

አንዴ ባጃጅ ውስጥ አንተ ከጎኔ ስትሳፈር፣
ከቤቴ ሳልደርስ ወረድኩ፣ ጭቃውን መረጥኩ በእግር፤
የረሳሁትን መልስ፣ ሦስት ብር፣ በልጅ ላክህልኝ፤
ቦዩ ውስጥ ወረወርኩት፣ ቆመህ እያየኸኝ።
(ያውም ያን ቀን ሦስት ብር እንኳ ቸግሮኝ።)

ሲራጅ ሊያገባ ሰሞን እንቅልፍ አጣ፤
አንድ ሌሊት እግሬ ስር ሊቀመጥ መጣ።
«እህቴ፣ ያኔ የሙጫውን ጣሳ ምድጃ ላይ ጥጄ
ሰጋቱራው ላይ ተኛሁ» አለኝ፣ «እኔ፣ በገዛ እጄ።
ያ እጅ ነው ከውስጥ የጎተተኝ።
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ‹አባቴ ይገድለኛል› አልኩት።
‹አልናገርም› አለኝ።»

አልተናገርክም።
አባትህ ባደባባይ ሲታማ፣ ደንበኛው ሲቀንስ፣
አንዲት ቃል ታድነው ነበር፤ ዝም፣ ምላስህ ሳትላወስ።

በነጋታው መንገዱን ተሻገርኩ። ስድስት እርምጃ ነው፣
ስምንት ዓመት የፈጀው።
ትልግ ነበር። ቀና አልክ። ሰላም እንኳ አላልኩህ።
«ያባትህን ስም ሸጠህ የወንድሜን ገላ ገዛህ?
ማን ፈቀደልህ? ማን አዘዘህ?»
«ለልጅ የተሰጠ ቃል፣ ቃል አይደለም እንዴ?» አልክ፣ በዝግታ።
ጠብ ይዛ የመጣች ሴት ምን ትላለች? ዝም አልኩ ላፍታ።
በርጩማ ገፋህልኝ፣ ሁለት እግር ብቻ ያለው፤
«ተቀመጪ።» «በዚህ ላይ?» «እኔ ነኝ የምደግፈው።»
ተቀመጥኩ። አልወደቅሁም። በጠባሳህ ላይ፣ መጀመሪያ በዓይኔ፣
ኋላም በጣቴ ሄድኩ... ይቅር ይበለኝ ወገኔ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የአዌቱ ድልድይ ይጠየቅ፤
ብቻ በእርጥብ ጣውላ የተሠራ ሲደርቅ ነው የሚሰነጠቅ።
ወንድሜን አሳልፌ ሰጠሁ? እንደዚያ የሚል አለ።
እጁን ይዤው ነው የገባሁት፤ ራሱ ተናገረ፣ ጉልበቱ እየዋለለ።

አባቴ ዘጠኝ ቀን ዝም አለ። እራት ይቀርባል፣ ይነሳል።
መጋዛችን ዝም አለ። ማዶ የናንተ ብቻውን ያወራል።

በአሥረኛው፣ ሐሙስ ነበር፣ ገበያው ገና ሳይሞላ፣
«መላጊያዬ ደንዟል» አለ፣ ዞር ሳይል ወደ ኋላ፤
«ሂድና የአባ ቢያን አምጣ።»
ይህን ያለው፣ ዕድሜውን ሙሉ «አናጢ ሚስጥሩን ቢያወጣ
መላጊያውን አያወጣ» ሲል የኖረ ሰው ነው።

ሲራጅ ሄደ። ይዞት የመጣው ግን አንተ ነህ፣
ፍቅፋቂው ካፉ ያልወጣ ያባትህን መላጊያ አቅፈህ።
አባቴ መሣሪያውን ትቶ እጅህን ተቀበለ፣
ጣውላ እንደሚመርጥ ሰው ወደ ብርሃን አዘነበለ።

ምንም አላለም።

እኔ ጥግ ላይ ሆኜ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣
የሲራጅን አልጋ እግር፣ አንዷን ቦታ፣ ስፈትጋት፣ ስፈትጋት፤
ዛሬም ያ አልጋ በዚያ በኩል ትንሽ ይዘማል፣ ሲቀመጡበት።